በሙሴ ኤሚል መኪና ከሻሸመኔ እስከ ጎባ

ባሌን ያላየ የደብረ ብርሃን ሰው ብዙ ነው። እኔም ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ጎባ ያገባችውን እህቴን ልጠይቅ እስክሄድ ድረስ ከነዚያው አንዱ ነበርኩ። ከተመለስኩ ወዲህ ባልደረቦቼ መምህራን «እስቲ ንገረን» እያሉ ሲይዙኝ ከመካከሉ እጀምርና ወደ ኋላ እየተመለስኩ ነገሩን አበላሸዋለሁ። ስለዚህ በቀን በቀኑ ለይቼ ልጽፈው አሰብኩ። ዋሻና ፏፏቴ የሚፈልግ አንባቢ ኋላ ቅር እንዳይለው ከወዲሁ ልንገረው፤ ሶፍ ዑመርን አላየሁም። ያየሁት አንድ መንገድና በመንገዱ ላይ ያሉትን ሰዎች ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነስቼ ሻሸመኔ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ የሚነገር ነገር አልገጠመኝም፤ ከዓሣው በስተቀር። ዝዋይ ላይ አንድ ሰው ዓሣ በሣር አንጠልጥሎ በመስኮት ቢያቀርብልኝ፣ ዓሣ እንዴት እንደሚያዝ የማላውቅ ደገኛ መሆኔን ረስቼ ገዛሁና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሻሸመኔ ስደርስ ከዓሣው ይልቅ ኮቴ ዓሣ ዓሣ ይል ነበር። ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት፣ ወፈር ያሉ ደግ ሴት፣ በሩ ላይ አፍንጫቸውን ይዘው እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ከዚያ ኮቴን አስወልቀው በሎሚና በሳሙና አጠቡልኝና ምድጃው አጠገብ ሰቀሉት። ደብረ ብርሃን ቢሆን ኖሮ ኮት እስኪደርቅ ሦስት ቀን በጋቢ ተጀቡኖ መቀመጥ ነበር።

«ወዴት ነህ?» አሉኝ እራት ሲያቀርቡልኝ።

«ጎባ፣ እህቴ ዘንድ።»

«እንግዲያው ሙሴ ኤሚል ነገ ይነሳል። በሱ ሂድ። ባገሩ በጀርመን መኪና እንደ ፈረስ ሲያሽቀዳድም የኖረ ሰው ነው። ንጉሣቸው ተነስቶ አጨብጭቦለታል ይባላል።»

የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ላስረዳ። ሙሴ ማለት ፈረንጅን «አቶ» እንደማለት የምንጠራበት ነው። በአውሮፓ አውቶሞቢል እንደተሠራ ወዲያው፣ የማን ይበልጣል በሚል ከከተማ ወደ ከተማ፣ በአፈር መንገድ፣ በጫካና በተራራ ያሽቀዳድሙበት ነበር። ነጂዎቹ እንደኛ ፈረሰኞች በየአገሩ ስማቸው የታወቀ ነበር። ከነዚያ አንዱ በሻሸመኔና በጎባ መካከል ጨው ያመላልሳል መባሉን ስሰማ እንቅልፍ እንደ ልብ አልወሰደኝም።

ሁለተኛው ቀን

መኪናዋን ከማየቴ በፊት ሰማኋት። ሙሴ ኤሚል መንገዱ ባዶ ቢሆንም ሳያቋርጡ ጥሩምባ ይነፋሉ። አረንጓዴ ቀለሟ የተላላጠ የጭነት መኪና ናት፤ ጨው፣ አቡጀዲና ቆርቆሮ ተጭኖባታል፣ ከጭነቱ ላይ ደግሞ ሰው። እኔ አስተማሪ ነው ተብዬ ጋቢና ተሰጠኝ።

ሙሴ ኤሚል ረጅም፣ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው። ጆሮ የሚሸፍን አሮጌ የቆዳ ቆብ አድርገው፣ በቆቡ ላይ ሁለት ክብ መስታወት ያለው የነጂ መነጽር አስረዋል። መነጽሩን ዓይናቸው ላይ ሲያወርዱት ግን አንድም ጊዜ አላየሁም። አማርኛቸው ፈጣን ነው፤ ወንዱን ከሴት ሳይለዩ ሁሉን «አንቺ» ይላሉ።

«ግቢ፣ አስተማሪ፣ ግቢ!» አሉኝ።

ከጎናቸው ረዳታቸው ሁሴን ተቀመጠ። ሁሴን የሮቤ ሰው ነው፤ ታላቅ ወንድሜን ያህላል። መጀመሪያ አንቱ ብዬው ነበር፤ «አንቱ ስትለኝ አባቴ መጣ ብዬ ወደ ኋላ እዞራለሁ» ስላለኝ አንተ ተባባልን። ከሁሴን ቀጥዬ እኔ፣ በበሩ በኩል እትዬ በለጡ። እትዬ በለጡ ጎባ ገበያ ላይ አቡጀዲና ጨው የሚሸጡ፣ ለማንም የማይመለሱ ነጋዴ ናቸው።

ገና ስንነሳ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሁሴን ግራ እጁን በሙሴ ኤሚል ጉልበት ላይ አሳርፏል። በኛ አገር ወንድና ወንድ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄዱ የተለመደ ነውና የወዳጅነት ነው ብዬ አለፍኩት። ሌላም ያስገረመኝ ነገር ነበር። የደብረ ብርሃን መንገድ በአህያና በበግ የተሞላ ነው፤ ሾፌር ሲጮህ እንኳ አህያው ቆሞ ያስባል። እዚህ ግን ኮፈሌን አልፈን በግጦሹ አገር ስንሄድ ከብቱ ሁሉ ከመንገዱ ርቆ ሽቅብ ቆሟል፤ እረኞቹም ዱላቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደኛ አዙረዋል። «ይህ ሕዝብ የመንገድ ሥርዓት እንዴት ያውቃል! ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ» ብል፣ እትዬ በለጡ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ያን ጊዜ የሳቁት በምን እንደሆነ አልገባኝም።

ሙሴ ኤሚልን ስለ ውድድሩ ጠየቅኳቸው። ጠያቂ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ጀመሩ።

«አባቴ ቀጥቃጭ ነበረች። ለፈረስ ኮቴ ብረት ትሠራለች።»

«ቀጥቃጭ?» አሉ እትዬ በለጡ። «ኧረ ሙሴ፣ ይህን ጎባ ደርሰው እንዳያወሩት! ቡዳ ነው ይሉዎታል።»

«ይበሉኝ። እኔ ቀጥቃጭ አልሆንኩም። ገና ጢም ሳላወጣ አውቶሞቢል ፋብሪካ ገባሁ።»

በፋብሪካው አንድ ስመ ጥር ነጂ ነበር። ኤሚልን ሥራው ቀልጣፋ ስለሆነ ረዳቱ አደረገው። በዚያ ዘመን ነጂ ብቻውን አይወዳደርም ነበር። ረዳቱ ከጎኑ ተቀምጦ ዘይትና ቤንዚኑን በእጁ ይገፋል፣ ጎማ ሲፈነዳ ዘሎ ይቀይራል፣ ከኋላ ማን እንደመጣ ዞሮ ያያል። ሞተሩ ስለሚያጓራ መነጋገር አይቻልም። ስለዚህ ረዳቱ የነጂውን ጉልበት በእጁ ይመታል። አንድ ምት «ከኋላ ሰው አለ» ነው፤ ሁለት ምት «ቀስ በል»፤ ወደ ግራ መግፋት ግራ፣ ወደ ቀኝ መጎተት ቀኝ ነው።

አንድ ጊዜ፣ አሉ ሙሴ ኤሚል፣ በትልቅ ውድድር ላይ የፊተኛው መኪና ጎማ ጠጠር ወርውሮ የነጂውን መነጽር ሰበረው። ሁለቱም ዓይን በደም ተሞላ። ነጂው ግን አልቆምም አለ። ኤሚል እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በመንደሩም በጫካውም በድልድዩም እየመታ፣ እየገፋ፣ እየጎተተ፣ የማያይ ሰው እያስነዳ እስከ መጨረሻው አደረሰው። ሁለተኛ ወጡ። «ለማንም እንዳትናገሪ አለችኝ። እስክትሞት አልተናገርኩም።»

ይህን ሲሉ ሳላስበው ዓይኔ ወደ ሁሴን እጅ ሄደ። ሁሴን አላየኝም፤ መንገዱን ነበር የሚያየው። እጁ የሙሴን ጉልበት ቀስ ብሎ ወደ ግራ ገፋ። መኪናዋም ወደ ግራ ታጠፈች።

ጥርጣሬዬ ብዙ አልቆየም። ራዲያተሩ ውሃ ሲጠጣ ሁላችንም ወረድን። ከመንገዱ ዳር አንድ ጉቶ ነበር፤ እረኛ ይሁን ማን ካፖርቱን አልብሶታል። ሙሴ ኤሚል ወደ ጉቶው ጠጋ ብለው ቆባቸውን አነሱና «አካም ጅርታ!» አሉት በኦሮምኛ፣ ደህና ነህ ወይ ማለታቸው ነው። እኔ ደነገጥኩ። ሁሴን ግን ባልዲውን እንደያዘ ከኋላቸው ድምፁን አወፍሮ «ፈያ! ነገያ!» አለላቸው፤ ደህና፣ ሰላም። ሙሴ ኤሚል ደስ ብሏቸው ተመለሱ።

እትዬ በለጡ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ሳቡኝ። «ዝም በል። ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ግን የምናውቅ አይመስለውም።»

«ዓይናቸው ማየት ካልቻለ ለምን ትሳፈራላችሁ?»

«ሌላው ሾፌር ያያል፤ ግን ይጠጣል። ሁሴን አይጠጣም። እኛ የተሳፈርነው በሁሴን ዓይን ነው፣ ልጄ።»

ያደርነው ዶዶላ ነው። ማረፊያው ከእንጨት የተሠራ ቤት ነበር። የኛ ቤት ድንጋይ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ዝም ይላል፤ የባሌ መንገድ ቤት ግን በነፋስ ይንቋቋል። ባለቤቶቹ ጭኮ አቀረቡልን። ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ በቅቤ የሚታሽ ነው፤ የኛ በሶ ሀብታም ቤት ተድሮ የሄደ ወንድም ነው ብላችሁ አስቡት። ሙሴ ኤሚል ቶሎ ተኙ። ሁሴን በር ላይ ተቀምጦ ግራ እጁን በቀኙ ሲያሽ አገኘሁትና ሳላለሳልስ ጠየቅኩት።

«መንዳት ትችላለህ?»

«እሱ ነው ያስተማረኝ። መንጃ ፈቃድም አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አንተ አትነዳም?»

እጁን ማሸቱን ተወ። «አንተ የተማርክ ነህ። አባቱን እግሩን ይዞ ከፈረስ ጎትቶ የሚያወርድ ልጅ አይተሃል?»

«ሰው ቢገድሉስ?»

«እሱ አይደለም የሚገድለው» አለ ሁሴን። «እኔ ነኝ። ዓይኔን አንዴ ብጨፍን እኔ ነኝ።» ከዚያም ተነስቶ ገባ።

በማግስቱ ሌላ መኪና ልጠብቅ አሰብኩ። እንዳልቀር ያደረገኝ ድፍረት አይደለም፤ የሽማግሌው ታሪክ ገና አላለቀም ነበር።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋቱ ብሩህ ነበር፤ ሙሴ ኤሚልም እንደ ሰማዩ። ከዶዶላ እስከ አዳባ ሜዳ ነው፤ የገብሱ አዝመራ የኛኑ ይመስላል፤ ልዩነቱ እዚህ የድንጋይ ካብ የለም፣ ዓይን የሚያቆመው ነገር የለም። ሙሴ ኤሚል ራሳቸው ነጂ የሆኑበትን ዘመን ተረኩልን። ያ ስመ ጥር ነጂ ሲያረጅ መሪውን ወረሱ። የፊት እግሯ ፍሬን የሌላት፣ እንደ ብስክሌት በሰንሰለት የምትጎተት መኪና ነድተው በተራራ ላይ ውድድር አሸነፉ። ንጉሡ ማጨብጨቡ እውነት ነው፤ «ግን ዝናብ ነበር፣ እጇን ለማሞቅም ሊሆን ይችላል» አሉ። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ የጄኔራሎች መኪና ነዱ። ከጦርነቱ በኋላ ተሸናፊ ናችሁ ተብሎ ጀርመኖችን ወደ ሌላ አገር ውድድር የሚጠራቸው ጠፋ። ባገራቸው ተራራ ላይ ብቻ ይሽቀዳደሙ ጀመር። ያን ጊዜ ከጎናቸው የሚቀመጠው ያኮብ የሚባል ረዳት ነበር።

«ያኮብ ታፏጫለች። ሞተሩ እየጮኸ እንኳ ታፏጫለች። አንድ ቀን…» ብለው ሙሴ ኤሚል አቋረጡ። ወዲያው ሌላ ነገር አነሱ። «አስተማሪ፣ ለምን ባሌ እንደቀረሁ ታውቂያለሽ? ለአንድ መኳንንት ሁለት አውቶሞቢል ላስረክብ መጣሁ። ከዚያ ይህን መንገድ አየሁ። ጠጠር፣ ጭቃ፣ ድልድዩ እንጨት። የወጣትነቴ መንገድ ነው። ባገሬ አስፋልት አልብሰው ቀብረውታል። እዚህ በሕይወት አለ።»

አዳባን አልፈን አቀበቱን ስንጀምር ዝናብ ወረደ። ትንሽ እንደሄድን ጥሩምባው አንድ ጊዜ እንደ ታመመ ጥጃ አቃሰተና ዝም አለ። ውሃ ገብቶበት ነው።

«ሙሴ፣ እንቁም፤ ልሥራው» አለ ሁሴን።

«ለጥሩምባ? በውድድር ላይ ለጥሩምባ አይቆምም።»

«ኧረ ሙሴ፣ በአላህ!»

«ፍሬን አለ? አለ። መሪ አለ? አለ። እንሂድ።»

ሁሴን በተቀመጠበት ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። እትዬ በለጡ ማርያምን መጥራት ጀመሩ። አንድ መታጠፊያ ላይ መስታወቱ በትንፋሻችን ስለደመነ ሁሴን በቀኝ እጅጌው ሊጠርገው ጎንበስ አለ። በዚያች ቅጽበት ገብስ የጫነ ፈረስ የሚጎትት ሰው ከፊታችን ብቅ አለ። ሁሴን ጉልበታቸውን መታ፤ ሙሴ ኤሚልም ወዲያው ፍሬን ያዙ። ጊዜ የጠፋው በምቱና በፍሬኑ መካከል አይደለም፤ ከምቱ በፊት ነው። መኪናዋ በጭቃው ላይ ተንሸራታ በጎኗ ጭነቱን መታችው። ፈረሱ ወደ አንዱ ቦይ፣ እኛ ወደ ሌላው።

ሰውየው ከጭቃው ተነሳ። መጀመሪያ ወደ ፈረሱ ሄደ። ፈረሱ ሲቆምለት ዱላውን ይዞ በኦሮምኛ እየተሳደበ ወደኛ መጣ። ሽበታም፣ ወፍራም ቡሉኮ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ሙሴ ኤሚል ወርደው ቆባቸውን አወለቁና ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ። የቆሙት ግን ፊታቸውን ወደ ወደቀው ጆንያ አዙረው ነበር።

የሽማግሌው ዱላ ቀስ ብሎ ወረደ። ስድቡም ቆመ።

«ሙሴ» አሉ በአማርኛ፣ «ጥሩምባህ የት ሄደ?»

ሙሴ ኤሚል ወደ ድምፁ ዞሩ። «ምን ልታደርጊ መንገድ ላይ ቆምሽ? ይህን ያህል ዘመን ስነዳ በዚህ መንገድ ላይ ሰው ቆሞ አያውቅም!»

ከጭነቱ ላይ ያሉት ሰዎች ራሳቸውን አቀረቀሩ።

ሽማግሌው አባ ቃሲም ይባላሉ። መኪናዋ ከቦዩ የምትወጣ ስላልነበረች ሁላችንንም ወደ ቤታቸው ወሰዱን። በመኪናው የተገጨ ሰው ገጪዎቹን ሲያስተናግድ ማየት ለኔ አዲስ ነበር። ወተት ቀረበ፣ እሳት ተቀጣጠለ። እሳቸው እስላም በመሆናቸው ያረዱትን እኛ ክርስቲያኖች እንደማንበላ ያውቃሉ፤ ስለዚህ በግ በሕይወቱ ሰጥተው፣ ማዶ ያለ ክርስቲያን ጎረቤታቸውን በዝናብ አስጠርተው አሳረዱልን። ለሁሴንና ለእስላም ተሳፋሪዎች ሌላ አረዱ። ሌላ ጊዜ ሙሴ ኤሚል ከሁለቱም ድስት ይበላሉ አሉ። ያን ቀን ከአንዱም አልበሉም።

አራተኛው ቀን

ፀሐይ ወጣች። የአካባቢው ሰዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው መኪናዋን አወጧት። እኔ ካልሲዬን አጥር ላይ አስጥቼ ደጅ ተቀምጬ ነበር። አባ ቃሲም የፈረሳቸውን እግር በቅቤ ያሻሉ። ሙሴ ኤሚል መጡና ሳይናገሩ ተንበርክከው የፈረሱን እግር ከጉልበት እስከ ኮቴ ዳሰሱ።

«አልተሰበረም» አሉ። «ጅማቱ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ አባ ቃሲም።

«ትናንት ለምን ጥሩምባዬን ጠየቅሽኝ?»

አባ ቃሲም ቅቤውን አስቀመጡ። «ልንገርህ ወይስ ልተውልህ?»

«ንገሪኝ።»

«ጥሩምባህን ስንሰማ ከብታችንን ከመንገድ እናወርዳለን። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ። የገበያ ቀን ሲሆን ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው ‹ሙሴ መጣ› ብሎ ይጣራል። እዚህ ብቻ አይደለም፤ ከኮፈሌ እስከ ጎባ እንዲሁ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓይንህ ከደከመ።»

«መድከሙን ማን ነገራችሁ? ሁሴን?»

«ሁሴን ምላሱን ቢቆርጡት አይናገርም። አንተ ነህ የነገርከን። ያገኘኸውን ጉቶ ሁሉ ሰላም ትላለህ። ሁሴን ስንቱን ጉቶ ሆኖ ይመልስ?»

ሙሴ ኤሚል መጀመሪያ ሳቁ። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ስሽቀዳደም» አሉ ሳሉ ሲለቃቸው፣ «መንገዱን የሚዘጋልኝ ወታደር ነበር። ባንዲራ ይዞ፣ ጠብመንጃ ይዞ። እዚህ ያለ ወታደር ተዘጋልኝ።» ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

«ያኮብ ሁለቴ መታችኝ» አሉ። ለማን እንደሚናገሩ አላወቅኩም፤ ለኔም ለአባ ቃሲምም አልመሰለኝም። «ቀስ በል ማለቷ ነበር። ፈርታ ነው ብዬ ናቅኋት። መታጠፊያው ላይ መኪናዋ ተገለበጠች። እኔ ተነሳሁ፤ ያኮብ አልተነሳችም። ከዚያ ወዲህ አልተወዳደርኩም። ከጎኔ ያለውን ሰው እጅ ግን እምቢ ብዬ አላውቅም። ያ ይበቃል ብዬ ነበር።»

«ሁሴን ደከመው» አሉ አባ ቃሲም። «ሰው በሁለት ዓይኑ ለሁለት ሰው ሲያይ ይደክመዋል። እኔ ከፈረስ ውረድ አልልህም፤ በኛ ቤት ለአባት እንዲህ አይባልም። የኔ አባት ዓይኑ ሲጠፋ እርጥብ ሣር ይዞ ፈረሱን ለታላቅ ወንድሜ መርቆ ሰጠ። የመረቀ ሰው ወረደ አይባልም።»

ሙሴ ኤሚል ተነሱ። ሄደው ጋቢና ውስጥ ብቻቸውን ተቀመጡ፤ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አደረጉ። መኪናዋ ቆማ ነበር።

ሁሴን መጥቶ ምን እንደተባለ ጠየቀኝ። ስነግረው ተቆጣ፤ «ማን ንገሩት አላችሁ!» ብሎ መፍቻውን ይዞ ሄደና ከሞተሩ ክዳን ሥር ጥሩምባውን ይሠራ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ጥሩምባው ጮኸ። ለመሞከር ነበር። ሁለተኛም ሦስተኛም ጮኸ።

ወዲያው ከሥራችን ካለው ሸለቆ «ሙሴ! ሙሴ መጣ!» የሚል ጥሪ ተሰማ። ያንን ሌላ ድምፅ ተቀበለው፤ ከማዶ ደግሞ ሌላ። እኔ ከቆምኩበት ሆኜ አየሁ፤ ሰዎች ከየማሳው ተነስተው ሮጡ፣ ከብት ከመንገድ ተነዳ፣ አንዲት ሴት ልጅዋን በክንዷ አንጠልጥላ ወደ አጥር ገባች። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ መንገዱ ባዶ ሆነ። መኪናዋ አንድ ክንድ አልተንቀሳቀሰችም።

ሙሴ ኤሚል አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ያዳምጡ ነበር። ሩጫውን አያዩም፤ ጥሪውን ግን ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ሲሄድ ሰሙት።

«ሁሴን» አሉ።

«አቤት፣ ሙሴ።»

«በቃ። አትንፋ።»

ሁሴንን ለመጀመሪያ ጊዜ በወንድ የጠሩት ያን ጊዜ ነው።

አምስተኛው ቀን

ጠዋት ሣሩ ጤዛ እንደያዘ ሙሴ ኤሚል ራሳቸው አጭደው ይዘው መጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ሁሴን ነገሩ ገብቶት ከመኪናዋ ጀርባ ተደበቀ፤ እትዬ በለጡ በእጅጌው ጎትተው አመጡት።

«አልፈልግም!» ይላል። «ሙሴ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ዝም በል» አሉት እትዬ በለጡ። «ሲመረቁ ዝም ነው የሚባለው።»

ሙሴ ኤሚል ሣሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። የኛን አገር ሽማግሌዎች ምርቃት ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም።

«ጎማህ አይፈንዳ» አሉ።

«አሚን!» አለ ሕዝቡ።

«ራዲያተርህ አይድረቅ።»

«አሚን!»

«ድልድዩ ይቁምልህ።»

«አሚን!»

«ከጎንህ ያለው ሰው ሲመታህ ስማ። ፈራ አትበል።»

«አሚን» አለ ሕዝቡ፣ ለምን እንደተባለ ባያውቅም። እኔና አባ ቃሲም ግን ተያየን።

ከዚያ በጀርመንኛ ጥቂት ተናገሩ። ማንም አልገባውም፤ ማንም ግን አሚን ከማለት አልቀረም። ሣሩን በሁሴን ራስ ላይ አራገፉና ዞረው በሌላው በር ገቡ። ሁሴን በእጁ ጀርባ ፊቱን ጠርጎ መሪው ዘንድ ተቀመጠ። አባ ቃሲም ለመንገድ ብለው አንድ ቅል ጭኮ በመስኮት ሰጡን። የፈረሳቸውን ካሳ ሲጠየቁ፣ «ለመራቂ ነው የሚሰጠው እንጂ ከመራቂ አይወሰድም» አሉ።

ወደ ዲንሾ ሽቅብ ወጣን። ሙሴ ኤሚል በሁሴን ቦታ ተቀምጠው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር፤ አንዴ ኪሳቸው፣ አንዴ ጭናቸው ላይ። ጥቂት እንደሄድን ወደኔ ዞሩ።

«አስተማሪ፣ ማስረዳት ትወጃለሽ። ከፊታችን ያለውን አስረጂኝ።»

እኔም አስረዳሁ። የተጠማዘዘ ቀንድ ያላቸው የደጋ አጋዘኖች ከጥዱ ሥር ቆመው እንደሚያዩን፣ አንዲት ቀይ ቀበሮ በሣሩ ውስጥ አይጥ ላይ እንደምታደባ፣ ከላይ ያለው ገደል ደመና እንደለበሰ። የኛ አገር ጓሳ ተራራ ይህን ይመስላል፣ እዚህ ግን ሰፋ ይላል አልኳቸው። «ቀበሮዋ አገኘች?» ብለው ጠየቁ። አላገኘችም። «ቀስ በል፣ ሁሴን፣ እስክታገኝ» አሉ። ሁሴን ቆመ፤ እስክታገኝም ጠበቅን። እትዬ በለጡ ጨዋቸው እየቀለጠ ነው ብለው ቢያማርሩም እሳቸውም በመስኮት ያዩ ነበር።

«ይህ ሁሉ እዚህ ነበር?» አሉ ሙሴ ኤሚል። «ዓይን እያለኝ መንገዱን ብቻ አየሁ።»

ከዚያ ቁልቁል ወደ ሮቤ ሜዳ። ሮቤ ገበያ ነበር። የሁሴን እናት ልጃቸው መሪ ይዞ ሲመጣ ቢያዩ የያዙትን የእንቁላል ቅርጫት መሬት አስቀምጠው እልል አሉ፤ ወዲያው ግን ሙሴ የሞቱ መስሏቸው በእልልታው መካከል አፋቸውን ያዙ። ሙሴ ኤሚል እጃቸውን በመስኮት አውጥተው አወዛወዙላቸው።

ጎባ የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። እህቴ ከባሏ ጋር የመኪናው ማቆሚያ ላይ ትጠብቀኝ ነበር፤ ሁለት ቀን በመዘግየቴ ፊቷ ገርጥቷል። ጎባ እንደ ደብረ ብርሃን ብርድና ጭስ የሞላባት፣ ቆርቆሮዋ የሚያብረቀርቅ ከተማ ናት፤ ገና ሳልወርድ ወደድኳት። መኪናዋ ስትቆም ግን ማንም እኔን አላየም። ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው ሁሉ የሚያየው መሪ የያዘውን ሁሴንን ነበር። በመጨረሻ አንድ ሸማ የለበሱ ሽማግሌ ወደ ጋቢናው ቀረቡ።

«ሙሴ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?»

ሙሴ ኤሚል በሩን ከፍተው፣ መሬቱን በእግራቸው ፈልገው ወረዱ። ቆባቸውን አስተካከሉ።

«አላመመኝም» አሉ። «መረቅኩ።»

ከጭነቱ ላይ የነበሩት «አሚን» አሉ። እትዬ በለጡም «አሜን» ብለው አማተቡና ጨዋቸውን ማስወረድ ጀመሩ።